ከአሰንዳቦ የሙከራ ጎጆዎች፦ መድኃኒት የተላመዱ ትንኞችና አዲሶቹ አጎበሮች

እሑድ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሰንዳቦ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። የመኪናችን መጫኛ በወረቀት ኩባያ፣ በጥጥ፣ በስኳርና እያንዳንዳቸው በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልለው የምስጢር ፊደል በተጻፈባቸው የአጎበር ቁራጮች ተሞልቷል። አብሬያቸው የምጓዘው የነፍሳት ተመራማሪዎች በጂማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ የጀመሩትን የአጎበር ሙከራ ለመቀጠል የሚመለሱ ሲሆኑ፣ እኔ ደግሞ ስለ ጤና ጉዳይ የምጽፍ እንደመሆኔ ሥራቸውን በቅርብ ለማየት ፈቃድ አግኝቼ ነው። አንድ አጎበር «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚባለው ምን ታይቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልግ ነበር፤ አጎበር በየቤቱ ተሰቅሎ ሳለ ይህን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ሰበታን አልፈን የበቾ ሜዳ ላይ ስንደርስ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር፤ የመስቀል አበባውም ከየማሳው ዳር አልጠፋም። ከቱሉ ቦሎ እስከ ወሊሶ፣ ከወሊሶ እስከ ወልቂጤ ካለው መንገድ የማስታውሰው እንሰት የከበባቸውን ግቢዎች ነው። ከወልቂጤ በኋላ ግን አገሩ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁላችንም ሹራባችንን አወለቅን፣ ሾፌራችንም መስኮቱን ከፈተ። ይህ ሸለቆ ለከብት በገንዲ፣ ለሰው ደግሞ በወባ ስሙ ሲነሣ የኖረ ነው። በአገራችን በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት ወባማ ተብሎ ስለሚመደብ፣ ወደ ጂማ የሚሄድ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ወባ ከማያሰጋው ደጋ ወደ ቆላው ወርዶ፣ ከድልድዩ ወዲያ እንደገና ወደ ወይና ደጋው ይወጣል፤ ወይና ደጋውም ቢሆን ከወባ ነጻ አይደለም።

የቡድኑ መሪ መንገዱን ሙሉ ያወጋን የአጎበርን ታሪክ ነው። አገራችን አጎበርን በብዛት ማከፋፈል በጀመረችበት ጊዜ፣ ከ2005 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ አጎበር ለሕዝብ ደርሷል። በአፍሪካ ደረጃ ደግሞ ከ2000 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የወባ መከላከያዎች 663 ሚሊዮን የሚሆን ሕመም እንዳስቀሩ፣ ከዚህም ውስጥ 68 በመቶው የአጎበር ሥራ እንደሆነ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ስሌት ያመለክታል። «ይህ ሁሉ የተገኘው በአንድ የመድኃኒት ዘር ነው» አለኝ መሪው። ፓይሬትሮይድ ስለሚባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም ስለ ፐርሜትሪን፣ ስለ ዴልታሜትሪንና ስለ አልፋ ሳይፐርሜትሪን መናገሩ ነው። ለሰው ጉዳታቸው አነስተኛ፣ ለትንኝ ደግሞ ፈጣን መርዝ በመሆናቸው ለረጅም ጊዜ አጎበር የሚነከረው በእነርሱ ብቻ ነበር፤ ትንኞቹም በትውልድ ላይ ትውልድ ሲገጥማቸው የኖረው ይኸው አንድ ዓይነት መርዝ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ይህን ሁሉ በትንኝ መላመድ፣ ማለትም መድኃኒቱ ትንኞቹን መግደል በመተዉ፣ ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም። ጦርነቱ፣ መፈናቀሉ፣ የአየሩ መለዋወጥ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሀር ላይ የተገኘችውና ከተማ የምትወደው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም አጎበሩ በጨርቅነቱ ብቻ የቀረ እንደሆነ የቀሩት መከላከያዎች ብቻቸውን ሸክሙን አይችሉትም።

ሰኮሩንና ደነባን አልፈን አሰንዳቦ የደረስነው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው።

ሰኞ፤ እጭ ለቀማ

ጠዋት ቦት ጫማ አድርገን ከወንዙ ዳር ወዳለው የጡብ ጭቃ መቆፈሪያ ሄድን። በእኛ አካባቢ ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለውና ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚደርቅ ውኃ ነው፤ ከብት ረግጦት ያለፈ የኮቴ ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። ከነፍሳት ተመራማሪዎቹ አንዷ፣ ኢንቶሞሎጂስቷ፣ ረጅም እጀታ ያለውን ነጭ ጭልፋ ውኃው ውስጥ በቀስታ አስገብታ አወጣችና አሳየችኝ። የተራዋ ቢምቢ እጭ በጭራዋ ጫፍ ባለው የመተንፈሻ ቧንቧ ተንጠልጥላ ራሷን ወደ ታች ትዘቀዝቃለች፤ የአኖፌለስ እጭ ግን ቧንቧ ስለሌላት እንደ ገለባ ስንጣሪ በውኃው ገጽ ላይ ተጋድማ ትታያለች። ጥላችን ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሰመጡ፤ ተመልሰው እስኪወጡ ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ መጥተው ሥራችንን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ እኛ የምንሸሸውን እናንተ በዕቃ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?» አሉ። እርሷም ጭልፋውን እንደያዘች «ሀጂ፣ የእርስዎ አጎበር መግደል ያለበት እነዚህን ነው፤ እኛ ክፍል ውስጥ ተቀልበው ያደጉትን ቢገድልልዎ ምን ይረባዎታል?» ስትል መለሰችላቸው። ሀጂ ሳቁ፤ ቀጥለውም ከጡብ ሠሪዎቹ ጀርባ እኛ ያላየነው ሌላ ጉድጓድ እንዳለ ጠቆሙን።

ያንን መልስ በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። አጎበር በላብራቶሪ ብዙውን ጊዜ የሚፈተነው ለብዙ ትውልድ በማራቢያ ክፍል የኖሩና መድኃኒት አይተው በማያውቁ ትንኞች ነው። ያ ፈተና መድኃኒቱ በጨርቁ ላይ መኖሩን ያረጋግጣል፤ አሰንዳቦ ውስጥ ስለሚሆነው ግን አንዳች አይናገርም።

ማክሰኞ፤ በመንደሩ ያሉ አጎበሮች

ዛሬ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆነን ቤት ለቤት ዞርን። ከሦስት ዓመት በፊት የተሰጠ አጎበር ያለበትን ቤት ባለቤቶቹን አስፈቅደን፣ አሮጌውን ተቀብለን በምትኩ አዲስ እንሰጣለን። አሮጌው በግቢው ውስጥ ከእንጨት በተሠራ ማዕቀፍ ላይ ይወጠርና ቀዳዳው ይቆጠራል። መለኪያው የሰው አካል ነው፤ አውራ ጣት የማያሳልፍ፣ አውራ ጣት አሳልፎ ጡጫ የማያሳልፍ፣ ጡጫ አሳልፎ ራስ የማያሳልፍ፣ ራስ የሚያሳልፍ ተብሎ በአራት ይከፈላል። ቴክኒሻኑ አጎበሩን በጎን በጎኑ እየዞረ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎም ጡጫውን ሲያስገባ፣ ልጆቹ ራሱን የሚያስገባበትን ቀዳዳ እስኪያገኝ በጉጉት ይጠብቁ ነበር፤ ሲያገኝና ራሱን ብቅ ሲያደርግ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ከእነዚህ አጎበሮች አንዱን በቅርብ አየሁት። አንድ ጊዜ ሰማያዊ የነበረ ሲሆን የምድጃው ጭስ ከላይ በኩል አጠይሞታል። ከታች ጠርዙ ከአልጋው ሽቦ ጋር ሲጎተት ተቀዷል፤ የቤቱ እመቤት አንዳንዱን ቀዳዳ በክር ሰፍተውታል፣ ሌላውን ደግሞ ጨርቁን ሰብስበው ቋጥረውታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዴት እንደሚያጥቡት ስትጠይቃቸው «በኦሞ ነዋ፣ ወንዝ ወስጄ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» አሉ። ሠራተኛዋም በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ መድረቅ እንዳለበት በአክብሮት አስታወሰቻቸው፤ እርሳቸውም «ሰምቻለሁ፤ ጥላ ውስጥ ግን እስኪደርቅ ይመሻል፣ ልጆቹ በምን ይተኛሉ?» ሲሉ መለሱ። በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አላገኘሁም።

በመንገድ ያየናቸው አንዳንድ አጎበሮች የዶሮ ጫጩት መክደኛና የጎመን መደብ አጥር ሆነዋል። ሕዝቡ አጎበርን ላልተሰጠበት ጉዳይ ያውላል የሚለው ወቀሳ በስብሰባ ላይ በብዛት የሚሰማ ነው፤ እኔ ያየኋቸው ግን ራስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያላቸው፣ አልጋ ላይ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ነበሩ። ለወቀሳው ከሚጠፋው ጊዜ ግማሹ እንኳ ጨርቁ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚቀደድ ለመጠየቅ ቢውል መልካም ነበር።

ረቡዕ፤ ሰኮሩ

የላብራቶሪውን ሥራ ለማየት ወደ ሰኮሩ ተመለስን። በትንኝ ማራቢያው ክፍል ሙቀቱ 27 ዲግሪ ግድም ሲሆን አየሩ እርጥብ ነው፤ መነጽሬ ወዲያው ጉም ለበሰ። ቡድኑ ቀደም ባሉት ሳምንታት ከአሰንዳቦ የሰበሰባቸው እጮች አድገው ትንኝ ሆነዋል። ለፈተና የሚፈለጉት ደም ያልጠጡ፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ቀን የሆነ እንስቶች ናቸው።

መጀመሪያ የተደረገው ትንኞቹ መድኃኒቱን ምን ያህል እንደተላመዱ የሚያሳየው የቱቦ ፈተና ነው። 25 ትንኞች መድኃኒት የተቀባ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆዩና ወደ ንጹሕ ቱቦ ተዛውረው፣ በ24 ሰዓት ስንቶቹ እንደሞቱ ይቆጠራል። 98 በመቶና ከዚያ በላይ ከሞቱ መድኃኒቱ ይገድላቸዋል ማለት ነው፤ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ መላመዳቸው ተረጋግጧል። ከጎኑ መድኃኒት የሌለው ወረቀት ያለበት ቱቦ ሁልጊዜ ይኖራል፤ እዚያ ብዙ ከሞቱ ጥፋቱ የአያያዝ ነውና ፈተናው ይሰረዛል።

የመላመዱ ምክንያት ሁለት መልክ አለው። ፓይሬትሮይድ ትንኟን የሚገድለው ነርቮቿ ላይ ያለውን የሶዲየም መተላለፊያ ክፍት አድርጎ በመያዝ ነው፤ በዚያ መተላለፊያ ላይ በዘር የሚወረስ አንዲት ለውጥ ስትፈጠር መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ዲዲቲም የሚያጠቃው ይህንኑ ቦታ ስለሆነ፣ አገራችን እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ የረጨችው ዲዲቲ ለአጎበሩ መድኃኒት ጭምር የተዘጋጁ ትንኞችን መርጦ አስቀርቷል። ሁለተኛው መልክ ትንኟ መርዙን በኢንዛይሞቿ ቶሎ ሰባብራ ማስወገዷ ነው። በአሰንዳቦ አካባቢ እነዚህን ትንኞች በመጠቀም ዲዲቲንና አጎበሮችን በሙከራ ጎጆ ያነጻጸረ የጂማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የአሁኑ ቡድንም የሚቀጥለው ከዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአጎበሩ ተራ ሆነ። ዘመም ባለ ሰሌዳ ላይ የአጎበር ቁራጭ ይወጠርና ከላዩ ግልጽ የፕላስቲክ ቆብ ይገጠማል፤ በቆቡ ቀዳዳ አምስት ትንኞች በትንፋሽ ቱቦ ይገቡና ለ3 ደቂቃ ብቻ ከጨርቁ ጋር ይቆያሉ። ትናንት ከእመቤቲቱ ቤት የመጣው የጠየመ አጎበር ቁራጭ እዚያው ነበር፤ ኢንቶሞሎጂስቷ በሁለት ቆብ ፈተነችው። በአንደኛው ውስጥ የገቡት በማራቢያው ክፍል የኖሩት ትንኞች ወደ ኩባያ ከተዛወሩ ጥቂት ቆይተው መብረር አቃታቸው፤ አንዷ በጀርባዋ ተገልብጣ እግሮቿን ታንቀጠቅጥ ነበር፣ ሰዓቱ ሳይሞላ አምስቱም ወደቁ። በሁለተኛው ውስጥ የነበሩት የአሰንዳቦ ትንኞች ግን ኩባያው ግድግዳ ላይ ጅራታቸውን ከፍ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ኩባያውን ሲነኩት ይበራሉ።

ጨርቁ አንድ፣ ጊዜው አንድ ነው። ሦስት ዓመት የታጠበው አጎበር መድኃኒቱን ጨርሶ አላጣም፤ የተለወጠችው ትንኟ ናት። ይህን በሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ሁለቱን ኩባያዎች ጎን ለጎን ይዞ ማየት ግን ሌላ ነው።

ምላሹ ሁለት መንገድ ይዟል። የመጀመሪያው በፓይሬትሮይዱ ላይ ፒፐሮኒል ቡቶክሳይድ፣ በአጭሩ ፒቢኦ የሚባለውን መጨመር ነው። ፒቢኦ ራሱ ትንኝ አይገድልም፤ መርዙን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ሥራ ያስፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ አጎበሮች የመጀመሪያውን ድጋፍ ሰጠ። ሁለተኛው መንገድ ክሎርፌናፒር የተባለ የተለየ መድኃኒት ነው። የሚገርመው፣ ክሎርፌናፒር ወደ መርዝነት የሚለወጠው ትንኟ ፓይሬትሮይድን በምታጠፋባቸው በእነዚያው ኢንዛይሞች ነው፤ ኢንዛይሟ የበረታ ትንኝ መርዙን በገዛ አካሏ ታዘጋጀዋለች። መርዙም የሚያጠቃው ነርቭን ሳይሆን ሕዋሱ ኃይል የሚያመነጭበትን ሥርዓት ነው። ሁለቱን መንገዶች አንድ አጎበር ላይ ማጣመር መልካም የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ፒቢኦ የሚያስተኛው ኢንዛይም ክሎርፌናፒር የሚፈልገው ነውና።

ታንዛኒያ ውስጥ ሚሱንግዊ በተባለ ወረዳ የተደረገውና ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰፊ ሙከራ፣ ክሎርፌናፒር ያለባቸው አጎበሮች ከተለመዱት ጋር ሲነጻጸሩ በሁለት ዓመት ውስጥ የልጆችን የወባ ሕመም በ44 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል፤ በቤኒን የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ 46 በመቶ አገኘ። ከዚህ በኋላ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2023 ለእነዚህ አጎበሮች ጠንካራ ድጋፉን የሰጠው።

ሆኖም ይህ መድኃኒት በዛሬው የቆብ ፈተና ቢመዘን ኖሮ ይወድቅ ነበር። ቀን፣ ትንኟ ዐርፋ ባለችበት ሰዓት ለ3 ደቂቃ ብቻ ብትነካው፣ መድኃኒቱ በአካሏ ውስጥ ለመለወጥ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ አያገኝም፤ በ24 ሰዓት ቢቆጠርም ሥራውን ገና አልጨረሰም። ስለዚህ የሚፈተነው ሌሊት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የመስታወት ዋሻ ውስጥ ነው። በአንዱ ጫፍ ለማባበያ ጊኒ ፒግ ይቀመጣል፣ በሌላው 100 ትንኞች ይለቀቃሉ፤ በመካከላቸው ዘጠኝ ቀዳዳ የተበጀለት አጎበር ይጋረጣል፣ ሞትም እስከ 72 ሰዓት ይቆጠራል። ለእኔ ከዛሬው ውሎ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ለአንድ መድኃኒት የተሠራ መለኪያ ሌላውን በሐሰት ሊኮንን ይችላል።

ሐሙስ ሌሊት፤ በጎጆዎቹ ዘንድ

የሙከራ ጎጆዎቹ በረድፍ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው በጭቃ የተመረገ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ቤቶች ናቸው። ትንኝ የሚገባባቸው ጠባብ ክፍተቶች ግድግዳው ላይ አሉ፤ መውጫው በኩል ደግሞ ወደ ውጭ የምትሸሸውን የሚይዝ የወንፊት ወጥመድ ተገጥሟል። እያንዳንዱ ጎጆ በሲሚንቶ በተሠራ የውኃ ቦይ ተከቧል። ቦዩ ለጉንዳን ነው፤ ጉንዳን ከገባ የሞቱትን ትንኞች እየለቀመ ይወስድና ጠዋት ለቆጠራ የሚቀር አይኖርም።

በየጎጆው የሚተኙት ስለ ሙከራው ተነግሯቸው በፈቃዳቸው የፈረሙ፣ ወባ ቢይዛቸው ምርመራና ሕክምና የተዘጋጀላቸው የአካባቢው ጎልማሶች ናቸው። ሲጋራ፣ አልኮልና ሽቶ ክልክል ነው፤ ሁሉም የትንኟን አመጣጥ ይለውጣሉ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ከሌላው ይልቅ ትንኝ ስለሚስብ ተኚዎቹ በየሌሊቱ ጎጆ ይቀያየራሉ፤ አጎበሮቹ ደግሞ በየሳምንቱ ይዛወራሉ፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ አጎበር በእያንዳንዱ ጎጆ፣ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ተፈትኖ ይገኛል። ከአጎበሮቹ አንዱ ለማነጻጸሪያ ያህል ምንም መድኃኒት የለውም። የትኛው ፊደል የትኛው አጎበር እንደሆነ ተኚውም፣ ጠዋት የሚለቅመውም አያውቅም።

አዲሶቹ አጎበሮች ሆን ተብለው ተቀድደዋል። 4 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቀዳዳዎች፣ በረጃጅሞቹ ጎኖች ሁለት ሁለት፣ በአጫጭሮቹ አንድ አንድ ተደርገው ተቆርጠዋል። ከፊሎቹ ደግሞ 20 ጊዜ ታጥበዋል። አዲስና ደህና አጎበርማ መድኃኒት ባይኖረውም ይከላከላል፤ የመድኃኒቱ ጥቅም የሚለየው ጨርቁ ሲያረጅ፣ ማለትም ማክሰኞ በየግቢው ያየነውን ሲመስል ነው።

ተኚዎቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ገቡ። እኔ ከተቆጣጣሪው ጋር ከጎጆዎቹ ራቅ ብሎ ባለው ዳስ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ግን፣ ሰዉ ገና እራቱን በልቶ ሳይጨርስና ከብቱ በረት ሳይገባ፣ ትንኝ ቁርጭምጭሚቴን ነክሳኝ ነበር። አረቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም፣ በቤትም በደጅም ደም ትጠጣለች፤ ሰው አልጋው ላይ ሳይወጣ ሥራዋን ከጀመረች የትኛውም አጎበር፣ የትኛውም መድኃኒት ቢኖረው፣ ያንን ንክሻ አያስቀርም። የአጎበር ሙከራ ስለዚህ ሰዓት የሚለው ነገር የለም። ተቆጣጣሪው በየተወሰነ ጊዜ በእጅ ባትሪ እየዞረ ተኚዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ አንዱ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ክንዱን ወደ አጎበሩ አስጠግቶ ስላገኘው እንኳ አላንቀሳቀሰውም፤ ሰው በቤቱም የሚተኛው እንዲሁ ነው።

አርብ ጠዋት፤ ለቀማ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ለቃሚዎቹ ወደ ጎጆዎቹ ገቡ። ወለሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ስለተነጠፈ የሞቱት ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። መጀመሪያ ከአጎበሩ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከክፍሉ፣ በመጨረሻ ከመውጫው ወጥመድ ይለቀምና ለየብቻው ይቀመጣል፤ የት እንደተገኘች፣ በሕይወት ኖራ እንደሆነ፣ ደም ጠጥታ እንደሆነ በየኩባያው ላይ ይጻፋል። አንዲት በአጎበሩ ውስጥ፣ ከተኚው ትራስ በላይ ተቀምጣ የተገኘች ትንኝ ሆዷ በደም ተወጥሮ መብረር እንኳ ከብዷት ነበር። በማጉያ ስትታይ ክንፎቿ ጠቃጠቆ፣ እግሮቿም ነጠብጣብ አለባቸው። ሌላዋ ከወጥመዱ የተገኘችው ሆዷ ባዶ፣ ነገር ግን ሕያው ነበረች፤ ገብታለች፣ ሳትጠጣ ወጥታለች።

እነዚህ ሁለቱ በሰንጠረዡ ላይ «ሕያው» በሚለው ተርታ እኩል ይቆጠራሉ፤ ለተኚው ግን እኩል አይደሉም። ለዚህም ነው ሙከራው መግደልን ብቻ የማይቆጥረው፤ ስንቶቹ ሳይገቡ እንደቀሩ፣ ስንቶቹ ገብተው እንደሸሹ፣ ስንቶቹ እንደጠጡ ለየብቻው ይመዘናል። መግደሉ ግን የሚጠቅመው ከተኚው አልፎ ነው፤ የሞተች ትንኝ አጎበር ወደሌለው ጎረቤት አትሄድም። መሪው «ለአንድ ቤት ብትጠይቀኝ አለመነከስ ይበቃል፤ ለቀበሌው ብትጠይቀኝ መግደል አለበት» አለኝ።

ሕያዋኑ በስኳር ውኃ በራሰ ጥጥ እየተመገቡ በኩባያቸው እንዲቆዩ ተደርደሩ።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ የ24 ሰዓቱ ቆጠራ ተደረገ። በአብዛኞቹ ኩባያዎች የሚበሩት ከወደቁት ይበዛሉ። የድሮው መለኪያ እዚህ ላይ ያቆም ነበር፤ ይህን ሳስብ ስንት ጥሩ ነገር በዚህ ሰዓት ተቆጥሮ እንደተጣለ ጠየቅሁ። መሪው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሑድ ከጎጆዎቹ ጽዳት በቀር የሚነገር ነገር አልነበረም። የአንዱ ሳምንት አጎበር የለቀቀው መድኃኒት ለሚቀጥለው እንዳይተርፍ ግድግዳውና ወለሉ ተጠርጎ፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ዋለ።

ሰኞ፤ 72ኛው ሰዓት

ጠዋት ኩባያዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ኢንቶሞሎጂስቷ እያንዳንዱን አንሥታ በጣቷ መታ መታ ታደርግና ቁጥሩን ትጠራለች፤ ቴክኒሻኑ ይመዘግባል። የአንዳንዱ ፊደል ኩባያዎች ቅዳሜ እንደነበሩት ናቸው። የአንዱ ፊደል ግን ተለውጠዋል፤ ቅዳሜ ግድግዳው ላይ ተቀምጠው የነበሩት አብዛኞቹ ታች ወርደዋል፣ ጥቂቶቹም ክንፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ አይነሡም። ክሎርፌናፒር ያለበት ይህ መሆን አለበት ብዬ ለመሪው ነገርኩት፤ እርሱ መዝገቡን ዘግቶ «ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሌሊትና በአንድ ጎጆ አይባልም። ፊደሉ የሚፈታው ሁሉም አጎበር ሁሉንም ጎጆ ሲዞር ነው» አለኝ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ሰዓት መጥታ ስለ እመቤቲቱ አሮጌ አጎበር ጠየቀች። ኢንቶሞሎጂስቷ የሁለቱን ኩባያዎች ውጤት ነገረቻት፤ የአሰንዳቦዎቹ ትንኞች አምስቱም በ24 ሰዓት በሕይወት ነበሩ። «ታዲያ ለሌሎቹ ቤቶች ምን ልበል?» አለች። የተሰጣት መልስ አጭር ነው፦ አሮጌውም ቢሆን ቀዳዳው ተሰፍቶ፣ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ተሸጉጦ ይሰቀል፤ ለቀበሌው ቀጥሎ የሚመጣው አጎበር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ደግሞ ይህ ሙከራ ለሚወስኑት ሰዎች መረጃ ይሰጣል።

ከሰዓት በኋላ አጎበሮቹ ጎጆ ተለዋወጡ። ወደ መኪናው የገቡት ጥቅሎች ከመጣንባቸው የተለዩ ናቸው፤ ከየአጎበሩ ሳይታጠብና ከታጠበ በኋላ ተቆርጠው በፎይል የተጠቀለሉ ቁራጮች ሲሆኑ፣ በጨርቁ ላይ ምን ያህል መድኃኒት እንደቀረ በኬሚካል ምርመራ ሊለካ ወደ ላብራቶሪ ይላካሉ። ወልቂጤ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርን።